የጠበቃዋ ምስክር

መሞቷን የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። እናቴን ልጠይቅ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስሄድ፣ አገና ላይ አንዲት ሴት በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አቅፋ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። መኪናው እንደተነሳ ስልኳ ጠራ። በጉራጊኛ ጥቂት አወራችና ከዘጋችው በኋላ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ «ኢና ሊላሂ። የቡታጅራዋ ጠበቃ ሞታለች አሉ። ዛሬ ጠዋት ቀብረዋታል» አለች። ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ከኋላ አንድ ሰው «ነጂባ? የምክር ቤቷ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሷው ነች። በአጭር ሕመም ነው የሚሉት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ታውቂያት ነበር?» አለችኝ።

«በስም» አልኳት።

ከአሥር ዓመት በላይ የማውቃትን ሴት፣ ቆሎዋን ከቦርሳዋ እየዘገንኩ የበላሁላትን ሴት፣ በስም ነው የማውቃት አልኩ። ሴትየዋ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣ ነጂባ አንድ ጊዜ እህቷን ከፖሊስ ጣቢያ እንዴት እንዳስወጣችላት ታወራ ጀመር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ከመንገዱ ዳር ያለውን እንሰት ሳይ ቆየሁ። ነጂባን የማልረሳት ደግ ስለነበረች ብቻ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። የማልረሳት አንድ ቀን በሰው ፊት ጠይቃኝ ስለዋሸኋት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚያው የቀረ አስተማሪ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እኔንም በዚያው አሳደገኝ። በጤና ኤክስቴንሽን ሠልጥኜ፣ ከከተማው በጋሪ ተሂዶ በሚደረስባት አንዲት ቀበሌ ስመደብ፣ ጎበዝ የተባልኩት መርፌ በመውጋት አይደለም፤ በመዝገቤ ንጽሕና ነው። የቀበሌዋን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ነጂባን ያወቅኳት ምስክር ሆኜ ነው። ባሏ ክንዷን የሰበራት ሴት ፍቺ ጠይቃ፣ ነጂባ በነፃ ቆማላት ነበር። ሴትየዋ መጀመሪያ የመጣችው እኔ ወደምሠራበት ጤና ኬላ ስለሆነ ቃሌን እንድሰጥ ተጠራሁ። የነጂባ ቢሮ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ እሷም እየጮኸች ማውራት ለምዶባታል፤ ችሎት ላይ እንኳ ዳኛው «ወይዘሮ ነጂባ፣ እዚህ የስፌት መኪና የለም» ብለው አንድ ጊዜ ሰውን ሁሉ አስቀዋል። እሷም አብራ ሳቀች፤ ድምጿን ግን አልቀነሰችም።

ያን ቀን አንቱ እያልኩ ላዋራት ስሞክር «አንቱታውን ለዳኛው አስቀምጪው፣ እኔን ያስረጀኛል» አለችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ጠየቀችኝ።

«ምንድነው ያየሽው?»

«ባሏ ሲመታት።»

«ሲመታት አጠገቧ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም፤ ግን...»

«ግኑን ተዪው። በዓይንሽ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ክንዷ አብጧል። ከክርኗ በታች ጠምሟል። በነጠላ አስራው ነበር። በደህናው እጇ ልጅ ይዛለች። በእግሯ ነው የመጣችው።»

«ይኸው» አለች፣ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች። «ይኼ ይበቃል። ያላየሽውን አንዲት ነገር ከጨመርሽ፣ የዚያኛው ጠበቃ እሷን ይዞ ያየሽውን ሁሉ ውድቅ ያደርግብሻል። ያየሽው ነው የሰማሽው? አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ይህን ራስሽን ጠይቂ።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ሌላኛው ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ቢያዋክበኝም ካየሁት አልወጣሁም። ሴትየዋ ፍቺዋን አገኘች። ከችሎት ስንወጣ ነጂባ ከቦርሳዋ አንድ እፍኝ ቆሎ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችና «አንቺ ለምስክርነት የተፈጠርሽ ነሽ» አለችኝ። ይህን ቃል ለስንት ዓመት እንደ ሜዳሊያ ይዤው ዞርኩ። ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል።

አንድ ልማድ ነበራት። ማስታወሻ ደብተር አትይዝም፤ የምትጽፈው መዳፏ ላይ ነው። መንገድ ላይ አንዷ አስቁማ ችግሯን ስትነግራት ነጂባ እስክሪብቶዋን አውጥታ ስሟን ግራ እጇ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ያ ነገር ለሚቀጥለው ሶላት ውዱ ስታደርግ ከመታጠቡ በፊት ማለቅ አለበት። «ከዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት ነው ጊዜ ያለኝ» ትል ነበር፤ ይህን እያለችም ስልክ ትደውላለች፣ ቀጠሮ ታሲዛለች፣ ወረዳ ቢሮ ትሮጣለች። «አላህ ፊት የሰው ስም በእጄ ይዤ አልቆምም» አለችኝ አንድ ቀን። ያልጨረሰችው ነገር ካለ ከታጠበች በኋላ መልሳ ትጽፈዋለች። መዳፏ ከቀለም ነፃ የሆነበትን ቀን አላስታውስም።

ለክልሉ ምክር ቤት ስትመረጥ ብዙ ሰው አሁን ትርቀናለች አለ። አልራቀችም፤ ባሰባት እንጂ። በገበያ ቀን እንሴኖ ሄዳ በርበሬ ሻጮች መሃል ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ሴቶቹ በርበሬ እየመረጡ የቤታቸውን ጉድ ይነግሯታል፣ እሷ እያስነጠሳት ትሰማለች። ስብሰባ ላይ ሲያስነጥሳት «መራጮቼ ናቸው» ትላለች። ሰውም ምክር ቤት ገባች ብሎ ስሟን አልቀየረውም፤ ጠበቃዋ ነች፣ ጠበቃዋ ሆና ቀረች።

አንድ ጊዜ በሽማግሌዎች ፊት ስለ ማህፀን ካንሰር ምርመራ ልታስረዳ ቆመች። «ማህፀን» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ አባቶች ሁሉ አቀረቀሩ። እኔ እንኳ፣ የጤና ባለሙያ ተብዬዋ፣ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። እሷ «አባቶቼ፣ ምን አሳፈራችሁ? ሁላችንም የመጣነው ከዚያው ነው» አለች። አንዱ ሽማግሌ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። በሳምንቱ ሚስቶቻቸውን ራሳቸው ይዘው የመጡ ነበሩ።

አሁን የእኔን ጉድ ልናገር።

ጤና ጣቢያው ከቀበሌያችን ወንዝ ማዶ ነው። በበጋ ፍየል የሚሻገረው ወንዝ፣ ክረምት ሲገባ በሬ ይወስዳል። ቀበሌው ሴቶች ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲወልዱ ብሎ፣ ቤቷ የወለደችውን የሚቀጣ ደንብ አወጣ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ስለ ወንዙ ግን ማንም አላሰበም። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች። «የት ወለድሽ?» ስላት ማልቀስ ጀመረች። አዘንኩላትና የወሊድ ቦታ በሚለው ላይ «ጤና ጣቢያ» ብዬ ጻፍኩ። እጄን ሳመችኝ። በደስታ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ወሬው በሴቶቹ መሃል ተዛመተ መሰለኝ፣ ቤታቸው የወለዱት ሁሉ ወደ እኔ መጡ። ለሁሉም ጻፍኩላቸው። ከጤና ጣቢያው መዝገብ ጋር የሚያስተያይ ሰው አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ወረዳው ሪፖርቴን አየና ቀበሌዋን «ከቤት ወሊድ ነፃ» ብሎ አወጀ። ነጭ ባንዲራ ቀበሌው ደጅ ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ፣ በሬ ታረደ። ለእኔ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ጥቂት ቆይቶም ሱፐርቫይዘር ሆኜ ወደ ወረዳ ቢሮ ገባሁ። ቀበሌዋም በእኔ ክትትል ሥር ቀረች። አባቴ የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ሳሎን ሰቀለው።

ነጂባ እንደተመረጠች መጀመሪያ የነካችው ያንን ቅጣት ነው። የቀበሌውን ሊቀ መንበር «በየትኛው ሕግ ነው ምጥ የያዛት ሴት የምትቀጣው?» ብላ ጠየቀችው። ደንቡ ተሰረዘ። እኔ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደነገጥኩ። የምዋሸው ለሴቶቹ አዝኜ ነው እያልኩ ነበር፣ አሁን ያ ሰበብ የለም። ባንዲራው ግን ተሰቅሏል፤ ፍሬሙም ሳሎን አለ። ስለዚህ እንደበፊቱ ቀጠልኩ። አዲሷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደኔ እንድትጽፍ አስተማርኳት።

ከዚያ የእናቶች ማቆያው ጉዳይ መጣ። የመውለጃ ቀናቸው የተቃረበ ሴቶች ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው መጥተው፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እያበሰሉ እየተኙ የሚጠብቁበት ቤት ነው። በዚያ ዓመት ለአካባቢው የሚሠራው አንድ ብቻ ስለነበር የት ይሁን የሚለው ክርክር አስነሳ። ነጂባ ለእኛዋ ቀበሌ እንዲሆን ፈለገች፣ በወንዙ ምክንያት።

ቦታው በሚወሰንበት የወረዳው ግምገማ ዋዜማ ቢሮዬ መጣች። በሩን ራሷ ዘጋችው።

«ሴቶቹ ክረምት ክረምት ቤት እንደሚወልዱ ገበያ ላይ ነግረውኛል» አለችኝ። «ግን የእኔ የስሚ ስሚ ነው። ያንን ይዤ ብነሳ ባንዲራ ተሰቅሏል ይሉኛል። አንቺ በዓይንሽ የምታይ ሰው ነሽ። ነገ አንዲት ጥያቄ ነው የምጠይቅሽ፣ አንዲት መልስ ነው የምፈልገው።»

«እሺ።»

«መዝገቡን ማን እንደጻፈው አልጠይቅሽም። ማንም ቢጠይቅሽ እኔ አስቆመዋለሁ። በሥራሽ የመጣ ነገር ካለ ደግሞ እኔ አለሁ፤ ጠበቃ ነኝ፣ ሥራዬ ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ» አልኳት፣ ቆጣ ብዬ። የተቆጣሁት እንደምታውቅ ስለገባኝ ነው። አውቃም ዕድል እየሰጠችኝ ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ሙሉ ነበር። የወረዳው ሰዎች፣ ከዞን የመጡ ሰዎች፣ የቀበሌ ሊቃነ መናብርት። አለቃዬ የዓመቱን ሪፖርት አነበበ። የእኛ ቀበሌ ላይ ሲደርስ «በቤት ውስጥ ወሊድ፣ ዜሮ» ብሎ ቀና አለ፤ ተጨበጨበ። ነጂባ እጇን አወጣች። ስትነሳ ግራ መዳፏ ላይ «አስቴር» የሚል ስሜን ከተቀመጥኩበት አነበብኩት።

«ጥያቄዬ ለወይዘሪት አስቴር ነው» አለች። እዚያ ስፌት መኪና ያለ ይመስል ድምጿ አዳራሹን ሞላው። «ባለፈው ክረምት በዚያች ቀበሌ ቤቷ የወለደች ሴት ነበረች?»

በዚያ ክረምት ቤታቸው የወለዱትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የልጆቹን ስም አውቃለሁ። አለቃዬ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ሊቀ መንበሩ አየኝ። እኔ ያየሁት ግን ሳሎን የተሰቀለውን ፍሬም ነው፤ አባቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያወርደው ታየኝ።

«አልነበረችም» አልኩ።

ነጂባ ወዲያው አልተቀመጠችም። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ልትረዳኝ እንደምትፈልግ ሰው፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ያየሽው ነው የሰማሽው?»

«ያየሁት።»

«አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ለሻይ ስንወጣ በመስኮት አየኋት። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ጎንበስ ብላ ለሶላት እየታጠበች ነበር። መዳፏን በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። ቀለሙ ቶሎ አልለቅ ብሏት መሰለኝ፣ ከሌላው ይልቅ እዚያ ላይ ቆየች።

ማቆያው ለሌላ ቀበሌ ተሰጠ። እዚያም ሴቶች አሉ፣ እዚያም ይወልዳሉ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ለጥቂት ወራት ሠራልኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ፈትያ የምትባል ሴት ምጥ ያዛት። አውቃታለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ ሳቂታ፣ የመጀመሪያ ልጇን ሁለት ጊዜ ብቻ አስከትባ ሦስተኛውን እንዳትረሳ የተጣላኋት ሴት ነች። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውኃው ሞልቷል። ይጎድላል ብለው ጠበቁ። አልጎደለም። ዝናቡ እየወረደባት ዳር ላይ ወለደች። ልጁ አላለቀሰም።

እኔ ተጠርቼ ስደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ሁለት ሴቶች በላይዋ ጆንያ ዘርግተው ይዘዋል። ባሏ ጀርባውን ሰጥቶን ወንዙን ያያል። ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሏል። ደሟን ለማቆም ስታገል እጄን ያዘችኝ። ውኃ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

«አስቱ» አለችኝ። አማርኛዋ ሲደክማት እየተቆራረጠ ነበር። «ጤና ጣቢያ ብለሽ ጻፊው። ባንዲራው እንዳይወርድባችሁ።»

ልጇን ያጣች ሴት፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ ተኝታ፣ ለእኔ ታስብ ነበር። ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ቅጣቱ መቅረቱን እንኳ የነገራት ሰው አልነበረም፤ መንገር የነበረብኝም እኔው ነኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። በማግስቱ መዝገቡ ሲሞላ ምን እንደተጻፈበት ግን አስታውሳለሁ። ጽሑፉ ያምር ነበር።

ነጂባ የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ፈትያ ቤት ስደርስ መደቡ ላይ ተቀምጣ የፈትያን እግር በእጇ ይዛ አገኘኋት። ሲበቃት ተነሳችና «ተከተይኝ» አለችኝ። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ገባን። ትሰድበኛለች፣ ለወረዳው ትናገራለች፣ በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ምስክሬን በደንብ አላዘጋጀሁም።»

ይህን ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፣ እንደልማዷ ቆሎ ዘገነችና ግማሹን እጄ ላይ አደረገች። እሷ የራሷን እየቆረጠመች ወደ መንገዱ ወጣች። እኔ እዚያው ቆምኩ። አፌ ውስጥ የከተትኩትን ቆሎ ጥርሴ ሊያደቀው አልቻለም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ተከትያት ሮጬ፣ ወይም አዳራሹ ሄጄ፣ ወይም ቢያንስ ለፈትያ። ነገ እያልኩ ክረምቱ አለፈ።

ነጂባ ግን ሥራዋን አልተወችም። እኔን ስታጣ ሌሎች ምስክሮች ፈለገች። ሚኒባስ ተከራይታ የቀበሌዋን ሴቶች ከነልጆቻቸው ወልቂጤ ድረስ፣ ዞኑ የጤና ስብሰባ ወዳደረገበት አዳራሽ ይዛቸው መጣች። እኔ ከወረዳ ቢሮ ሰዎች ጋር ከፊት ተቀምጫለሁ። ሲገቡ ሳያቸው ወንበሬ ሥር መግባት ፈለግሁ። ነጂባ ሰብሳቢውን አስፈቅዳ አንድ በአንድ አስነሳቻቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው፤ «የት ወለድሽ?»

«ቤቴ።»

«ቤቴ።»

«ቤቴ፣ አማቴ ናት ያዋለደችኝ።»

ፈትያ ተነሳች። «ወንዝ ዳር» አለች።

ሰብሳቢው ፊቱ ያለውን ወረቀት አገላብጦ «ታዲያ መዝገቡ ላይ ጤና ጣቢያ ብሎ የጻፈው ማነው?» አለ። ፈትያ ከእኔ ሦስት እርምጃ ላይ ነበረች። ጣሪያውን አየች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኛ ማንበብ አንችልም» አለች።

ስምንተኛ ክፍል የተማረችው ፈትያ ነች ይህን ያለችው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጂባ ቶሎ ብላ «ክቡር ሰብሳቢ፣ የመጣነው ጸሐፊ ፍለጋ አይደለም፣ ቤት ፍለጋ ነው» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ጥያቄው በዚያው ተረሳ።

ቤቱ ተሠራ። ባንዲራው አንድ ቀን ሳይታወቅ ወረደ፤ ማን እንዳወረደው የጠየቀ የለም። እኔም ባንዲራውን ተከትዬ ጠፋሁ ማለት ይቻላል። ዝውውር ጠይቄ ወልቂጤ ገባሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ፍሬሙ ሳሎን ነበር።

ነጂባ በየበዓሌ ትደውልልኝ ነበር። በገና ትደውላለች፣ በፋሲካ ትደውላለች፣ በመስቀል ትደውላለች። እንኳን አደረሰሽ ትለኛለች፣ ስለ እናቴ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ማቆያው ታወራልኛለች፤ ስንት ሴት እንዳለ፣ ማን መንታ እንደወለደች። በመጨረሻ «ሌላስ?» ትላለች። ይህን ሰው ሁሉ ይላል። እሷ ግን ብላው ዝም ትላለች፤ እንደ ሌላው ሰው ወሬ ለመዝጋት አትቸኩልም። ትንፋሿ ይሰማኛል። እኔ «ሌላ ሰላም» እላታለሁ። «በይ እንግዲህ፣ ደህና ሁኚ» ብላ ትዘጋለች። ባለፈው ፋሲካም እንደዚያው ነበር። ደህና ሁኚ ከማለቷ በፊት ከወትሮው ጥቂት ቆየች።

ሚኒባሱ ቡታጅራ ሲደርስ ወደ እናቴ ቤት አልሄድኩም። ድንኳኑ ከልብስ ሰፊው ሱቅ አለፍ ብሎ፣ ደጇ ላይ ተጥሏል። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ወንበሮች ያመላልሳል። ጫማዬን አውልቄ ሴቶቹ ወዳሉበት ገባሁ። ለታላቅ እህቷ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኳቸው። «አሚን የኔ ልጅ» አሉኝ። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ብዙዎቹ ከዚያች ቀበሌ የመጡ ናቸው። ፈትያ ከመሃል አለች። ማቆያው ውስጥ የወለደቻት ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

ሴቶቹ በየተራ ነጂባ ያደረገችላቸውን ያወራሉ። አንዷ የመሬቷን ነገር አነሳች። አንዷ ነጂባ ስሟን መዳፏ ላይ ጽፋ በዚያው ቀን ልጇን ሆስፒታል እንዳስተኛችላት ተናገረች። እህቷ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ ከየት ነበር የምታውቂያት?»

ሚኒባሱ ውስጥ ያልኩት ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«ምስክሯ ነበርኩ» አልኳቸው። «ሁለት ጊዜ። አንዱን ጊዜ ያየሁትን ተናገርኩላት። ሁለተኛውን ዋሸሁባት።»

ከዚያ ሁሉንም አወራሁት። መዝገቡን፣ ባንዲራውን፣ አዳራሹን፣ ወንዙን። ስለ ፈትያ ልጅ ስናገር ወደ ፈትያ ማየት አልቻልኩም፤ ምንጣፉን እያየሁ ነው የጨረስኩት። ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ፣ ምንም አልጨመርኩም። ስጨርስ ከወንዶቹ በኩል ዱዓ ይሰማ ነበር። ተነስቼ ልወጣ ስል ፈትያ ነጠላዬን ያዘችኝ።

«እኛኮ እናውቃለን» አለች። «ወልቂጤ ስንሄድ መኪናው ውስጥ ነግራናለች። የአስቴርን ስም እንዳታነሱ፣ ራሷ ትናገራለች፣ ጠብቋት ብላን ነበር።»

ልጇን ወደ አንድ ጭኗ ሰብስባ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ቆየሽ» አለችኝ።